ጉድጓድ የሚውጠው ተሳቢ

"እማዬ፣ ተሳቢው የሚውጠው ጉድጓድ የት ይሄዳል?" ብላ ልጄ ትርሲት ጠየቀችኝ።

ወደ ቤታችን ነው የሚመጣው። ያኔ ግን አላወቅሁም ነበርና "ዝም ብለሽ ብይ" አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ኦይቻ የዓሣ ጀልባችንን በተሳቢ እየጎተተ ከቤት ወደ ጫሞ ሐይቅ ያመላልሳል፤ ሐይቁ ዳር ከተተወች ትሰረቃለች። ተሳቢውን ከሥር የተሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ባሌስትራው፣ ደረቅ ስለሆነ መንገዱ ባነጠራት ቁጥር ጀልባዋ ትሰነጠቅ ነበር። መካኒኩ ጋሽ መርዕድ ምርጫ ሰጡን።

"ባሌስትራው ጠንካራ ነው፣ ግን ይራገጣል። ይሄ ጥቅልል ሞላ ከነሾኩ ደግሞ ያገኘውን ጉድጓድ ሁሉ ይውጣል።"

የሚውጠውን መረጥን። እኔም ጀልባዋ ከዳነች ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ።

ኦይቻ የመጀመሪያ ቀን ፈክቶ ገባ። "ጀልባዋን እንቅልፍ ወሰዳት እኮ!" አለ። በሐይቁ መንገድ ድልድዩ ጋ የነበረው ጉድጓድ ተከትሎት ገብቶ ጓዳ ተቀመጠ። ውስጡ ባለችው ቁራጭ ጎማ ለየሁት።

"እንግዳ አመጣህ እንዴ?"

"ምን ላድርገው? ስንት ዓመት የምንተዋወቅ ነን።"

ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ በጉድጓድ እንግዳ ተጣበበ። ወጥ ለማማሰል እንኳ ዞሬያቸው ነው የምሄደው። የንስሐ አባቴን ጠርቼ ጠበል አስረጨሁ። የጓዳው ጉድጓድ ጠጣው።

"ጨምሩልኝ የሚል ይመስላል" አሉና አባ ጠርሙሳቸውን ከደኑ።

ያን ሁሉ ችያለሁ። አንዱ ከትርሲት አልጋ አጠገብ ሲሰፍር ግን አልቻልኩም። አንድ እግር ጫማዋ ገባበት። ኦይቻ ጫማውን ከሐይቁ መንገድ ላይ አንስቶ አመጣው፤ ያ ጉድጓድ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ ነው ያገኘው።

"ነገ እሷ ብትገባስ?" አልኩት።

"ጀልባዋ ብትሰበርስ ምን እንበላለን?"

"ቀስ ብለህ ትነዳለህ።"

"በባሌስትራ? ወገቤ ያልቃል፣ አንቺ ሴትዮ!"

"ለወገብህ ሌላ ጃንጥላ እሳላለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ራሴ ጋራዥ ድረስ አብሬው ሄጄ ባሌስትራውን አስመለስኩ። ቤት ስደርስ መጥረጊያ ይዤ ከትርሲት ጋር ደጃፍ ቆምኩ። ተሳቢው እየተራገጠ በፊታችን ሲያልፍ ጉድጓዶቹ እንደ ጫጩት ተከታትለው ወጡ። እኔም "በሉ፣ በደህና ግቡ" እያልኩ ሸኘኋቸው።

የአልጋው ጎረቤት መጨረሻ ወጣና መንገዱ ላይ ቆመ። ትርሲት እጇን አወዛወዘችለት። ከውስጡ አንዲት ትንሽ እጅ ወጥታ መለሰችላት።

ልጄን ስቤ አስገባሁና በስመ አብ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ሳይገጥም ግን አየሁት፦ ትንሿ እጅ ትናንት እኔው ለትርሲት አጣምሜ የቆረጥኩት የአውራ ጣት ጥፍር ነበራት።