የባሕታዊው ዜማና ቀባሪው

የመዘምራን ቡድኑ አዲስ ዜማ ድረሺልን ሲላት፣ አቀናባሪዋ የመረጠችው አንድ ባሕታዊ ለፈጣሪው የጻፈውን ግጥም ነበር፦

ቆልፌው ነበረ፣ በሩን ሰብረህ ግባ፤
ባዶ ቤት ካገኘህ፣ ያው አንተ ነህ ሌባ።

ከመዘምራኑ አንዷ የሆነችው አክስቷ ግጥሙን ስታነብ መነጽሯን አወለቀች።

«ልጄ፣ ይሄ ጸሎት ነው የፖሊስ ክስ?»

«ልቤን ሰርቀኸዋል ማለቱ ነው፣ እትዬ።»

«እሱማ ገባኝ። የማንን ልብ ማን ሰረቀው ነው የምለው።»

ጥያቄዋ ነገር ያዘለ ነበር። ከመዘምራኑ ጋር ቼሎ የሚባለው ትልቅ ቫዮሊን ብቻውን እንዲጫወት ታስቧል፤ በከተማው ደግሞ ቼሎ የሚጫወት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የአቀናባሪዋ የቀድሞ ባል። ትልቁን ጥቁር ሳጥን አዝሎ ሲገባ ሬሳ የያዘ ስለሚመስል መዘምራኑ «ቀባሪው» ይሉታል።

በልምምዱ ላይ ነፍስ ከፈጣሪዋ ጋር የምትገናኝበት ቦታ ሲደርሱ ቀባሪው ደጋኑን አወረደ።

«ሦስት ገጽ ሙሉ አንድ ድምፅ? ነፍስየዋ እኮ ደጅ ስትጠና አረጀች።»

«የተጻፈውን ተጫወት።»

«የተጻፈውማ እንቅልፍ ነው።»

ከወንዶቹ አንዱ ሳቀ። የአቀናባሪዋ ደም ፈላ።

«እንግዲያው ሄደህ ተኛ!»

ሳጥኑን አዝሎ ወጣ።

ያለ እሱ ሞከሩት። ዜማው ምሰሶው እንደተነቀለ ድንኳን እላያቸው ላይ ወደቀ፤ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ወደ ላይ፣ ወፍራሞቹ ወደ ታች፣ ሁሉም በየፊናው ሆነ። አክስትየዋ ወረቀቷን አጠፈች።

«ሂጂና ጥሪው። ለትዳርሽ ብዬ አይደለም፤ ትዳርሽ ያኔም አልጣመኝም። ለጆሮዬ ብዬ ነው።»

ቤቱ ስትደርስ ልብስ እያሰጣ ነበር። እርጥቡን አንሶላ ሳይለቅ፣ «ሌባው እኔ ነኝ አይደል?» አላት።

«አንተ ምን ሌባ ነህ? ሌባ ይዞ ይሄዳል። ያንተ ካልሲ እስካሁን እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

ሳቀ። እሷም የአንሶላውን ሌላኛ ጫፍ ያዘችለትና አብረው ጨመቁት።

«እውነቱን ልንገርህ» አለችው። «ስጀምረው ለፈጣሪ ነበር። መሀሉን ባንተ ተናድጄ ጻፍኩት። መጨረሻው ግን ለማንም አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት።»

«ታዲያ ደስ ያለው ሰው እንዲህ ይጎተታል?»

አንሶላውን ለቀቀችለትና ሄደች። ቤቷ ገብታ ሦስቱን ገጾች ቀዳድዳ ጣለች፤ በምትካቸው ቼሎው ከፊት እንዲሮጥ፣ መዘምራኑም ሊይዙት እንዲያሳድዱት አድርጋ ጻፈች።

በዝግጅቱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ቀባሪው ሮጠ፤ መዘምራኑ ተከተሉት። ሩጫው ያሞቃት አክስት ግን ተራዋን ሳትጠብቅ፣ ብቻዋን፣ «ሌባ!» ብላ አምባረቀች። ጣቷም ወደ ቼሎው ተቀስሮ ነበር።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀባሪውም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ደጋኑ ተንቀጠቀጠ፤ ከቼሎው የወጣው ድምፅ ሰው እያለቀሰ ሲስቅ ይመስል ነበር። አቀናባሪዋ መጀመሪያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ኋላ ግን መዘምራኑ ሳቃቸው ሳያቆም፣ ዜማውንም ሳይለቁ፣ በልምምድ ደርሰውበት ወደማያውቁት ከፍታ ሲወጡ ሰማች። መምራቱን ትታ፣ እጆቿን አጣምራ አዳመጠች።

ከዚያ በኋላ ታርቀዋል የሚል አለ፣ አልታረቁም የሚልም አለ። ወደ አንድ ቤት እንዳልተመለሱ የታወቀ ነው። ሆኖም ደውላ ሌላ ዜማ ልጀምር ነው ስትለው፣ ስለ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ መጣ። ገና ከበሩ ሳያልፍ መጨቃጨቅ ጀመሩ።