ፎቶው አይታይም

ሥራዋ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ኢንተርኔት ላይ በሚሸጡ ነጋዴዎች ስም ለደንበኛ መልስ መስጠት ነው፤ ትርፉ የእነሱ፣ እርግማኑ የእሷ። ውኃ ማፍያ የሚሸጠው አንዱማ ትእዛዙ ዓይን ያወጣ ነው፦ «ተሰብሮ ደረሰኝ» ያለን ሁሉ፣ የመመለሻው ሰባት ቀን እስኪያልፍ ፎቶ እያስላክሽ አመላልሺው። ደንበኞቹ እሷ ዘንድ ቁጥር ብቻ ናቸው። ፎቶውን ሳትከፍት፣ «ውድ ደንበኛችን፣ ፎቶው አይታይም፤ እባክዎ ድጋሚ ይላኩ» ብላ ትልክና ወደሚቀጥለው ቁጥር ታልፋለች።

ዛሬም አንዱን ደንበኛ ለአራተኛ ጊዜ እንዲሁ ሸኘችው። ወዲያው እናቷ የተሰነጠቀ ውኃ ማፍያ ታቅፈው ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ እስቲ አንቺ ፎቶ አንሺልኝ። የሚመልስልኝ ሰው ጨዋ ነው፤ ዓይኑን ግን ሳያመው አልቀረም፣ እግዜር ይማረው።»