ከስቶክሆልም ፓሌርሞ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

፩

አልጽፍላትም።

፪

አስካለ እባላለሁ፤ ስቶክሆልም ነው የምኖረው። አባባ ሐሙስ ዕለት ደሴ ላይ ሞተ። ታናሽ ወንድሜ መላኩ በስልክ ጽፎ ላከልኝ። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። የሚይዘኝ ሰው ስላልነበረ ብረቱን ያዝኩ።

የሁላችንም ታናሽ የሺመቤት ገና አልሰማችም። ፓሌርሞ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ትጦራለች። በሰፈሯ አንድም ሐበሻ የለም።

፫

(በስልክ፣ ዓርብ)

መላኩ፦ ለየሺም ልጻፍላት?

እኔ፦ እጅህን ሰብስብ።

መላኩ፦ እሑድ እሑድ ትደውልለታለች እኮ። ምን ልንላት ነው?

እኔ፦ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እሑድ በማለዳ እነግራታለሁ።

መላኩ፦ እታለም፣ ለመርዶ ደግሞ አውሮፕላን ይሳፈሩለታል? ዘመኑ እኮ…

እኔ፦ ዘመኑን ለራስህ ያዘው። የአባት ሞት እንደ ካርድ ቁጥር በስልክ አይላክም።

፬

ርቀት፦ ሁለት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ።

የበረራ ጊዜ፦ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ኢንተርኔቱ የሚለው ይህንን ነው። ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ይበቃው ይሆናል። እኔን አነሰኝ። ምን ብዬ እንደምጀምር እንኳ ሳልወስን ከደመናው ሥር ባሕሩ ታየ።

፭

መርዶ እንዴት እንደሚነገር፣ እናታችን እንዳስተማረችን፦

በማለዳ ሂድ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ። ቤቱ ውስጥ ይሁን፤ መንገድ ላይ አይነገርም። ቀድመህ አታልቅስ።

ብቻህን አትሂድ።

ብቻህን አትሂድ።

፮

ርቀት፦ ያው።

የበረራ ጊዜ፦ እኔ ደስ እስኪለኝ።

የምጽፈው እኔ አይደለሁ? እንግዲያው አውሮፕላኑን አላሳርፈውም። ፓይለቱ ይዙር፤ የምግቡ ጋሪ ይመላለስ። እኔ እዚህ ሰማይ ላይ እስካለሁ ድረስ፣ የሺ የምታውቀው አባባ እሷ የላከችለትን ወፍራም ካፖርት በጠራራ ፀሐይ ለብሶ ደሴ ፒያሳን ሲያካልል ይውላል። ቢያልበውም አያወልቀውም። ማነው እሱን የሚቀማት? እኔ? አላደርገውም።

፯

ወረድን።

፰

የሺ መውጫው በር ላይ ቆማለች፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ። እረፍት ሰጡኝ ብዬ ዋሽቻት አምናኛለች። አገላብጣ ሳመችኝ።

«እንዲያው ምን እግር ጣለሽ?»

«ናፍቆትሽ ነዋ።»

«ክስት ብለሻል።»

«ብርዱ ነው።»

ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቀችኝ። እስከ ነገ ማለዳ፣ እስከ ቤቷ ድረስ፣ አፌን መያዝ ነበረብኝ። ጥቂት እንደተራመድን ግን ቆመች።

«እታለም፣ መምጣትሽን ላበስረው ብዬ ዛሬ ለአባባ ስደውል ነበር። ስልኩን ለምን አያነሳም?»

፱

አንተ የምታነበው፣ ወዴት ነው? ከቁጥር አንድ ጀምሮ አብረኸኝ መጥተሃል። ብቻህን አትሂድ ተብያለሁ፤ ብቻዬንም አልመጣሁም። ማለዳውም ቤቱም አመለጡኝ፤ የቀረኝን ይህን ሥርዓት ግን ሁለት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተሸክሜ የመጣሁት እዚህ በር ላይ ልጥለው አይደለም። እህቴ የአውቶቡስ ብረት አትይዝም።

በቀኟ በኩል ጠጋ በልና ክንዷን ያዝ። ጠበቅ አድርገው። እኔ በግራዋ ነኝ።

፲

«የሺዬ፣