የማክሰን ቅልጥም ልክ

ቅናት አጥንትን ያነቅዛል ይላል መጽሐፉ። የተግዌን አጥንት ግን ከቅናቷ ቀድሞ ነበር የነቀዘው። ሐኪሞቹ የቀኝ ዳሌዋን አውጥተው በብረት ከተኩላት በኋላ "ከእንግዲህ ፈረስ ላይ መውጣት የለም" አሏት። ቅናቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የመጣውም በታናሽ እህቷ በሜይኒር ላይ ነው።

በእነሱ ሸለቆ በየዓመቱ መስከረም ላይ በጎቹ የሁሉም ቤት መንጋ አብሮ ከሚሰማራበት ተራራ ይወርዳሉ። በጎቹን ፈልጎ ለሚያወርደው አሰሳ እያንዳንዱ ቤት አንድ ፈረሰኛ ያወጣል። ብላይናንት የሚባለው የእነ ተግዌን እርሻ ፈረሰኛ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተግዌን ነበረች፤ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻውን አሥራ አንድ ዓመት የወጣችው በማክሰን ነው። ማክሰን የዌልስ ኮብ ከሚባለው ዝርያ ነው። ቁመቱ አጠር፣ ደረቱ ሰፋ፣ አንገቱ ወፈር ያለ ደልዳላ ፈረስ ሲሆን ከጉልበቱ በታች እስከ ኮቴው ድረስ ረጅም ነጭ ጠጉር ይወርድለታል። ሲወለድ የተቀበለችው እሷ፣ ኮርቻ ያስለመደችው እሷ፣ ከረግረግ ጎትታ ያወጣችው እሷ ናት። ዘንድሮ ግን ተራራውን የምትወጣበት ሜይኒር ሆነች። ሜይኒር ደግሞ ሃያ ዓመት ከተማ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ስትመልስ ኖራ፣ ባሏ ኢየስቲን ጡረታ ሲወጣ ወደ ሸለቆው የተመለሰች ሴት ናት።

ተግዌንን ያንገበገባት የእህቷ መጋለብ ብቻ ቢሆን በቻለችው ነበር። ያላስቻላት የፈረሱ ነገር ነው። በየማለዳው ገብስና ድርቆሽ የምታቀርብለትን ተግዌንን ባልዲዋን አሽትቶ ያልፋታል፤ የሜይኒር መኪና ድልድዩን ገና ሲሻገር ግን አንገቱን በአጥሩ ላይ ሰድዶ ያሽካካል።

"ሰማሽው? ጠራኝ እኮ" አለች ሜይኒር አንድ ቀን፣ ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ።

"ኪስሽ ውስጥ ካሮት ስላለ ነው።"

"ዛሬ አልያዝኩም።"

"እሱ በምን ያውቃል?" አለች ተግዌንና ወደ ቤት ገባች። ገብታም ወጥ ቤቱ መሃል ቆማ ቀረች እንጂ የምትሠራው ነገር አልነበራትም።

በጸደይ ማክሰን ተራራው ላይ ባለው ድንጋያማ ሸርተቴ የፊት ቅልጥሙን መትቶ ስለነበር የእንስሳት ሐኪሙ ለዘንድሮው አሰሳ የቅልጥም መከላከያ እንዲደረግለት አዞ ነበር። ይህ መከላከያ ውስጡ ለስላሳ፣ ውጪው ጠንካራ ሆኖ ከጉልበት በታች ተጠቅልሎ በተጣባቂ ማሰሪያ የሚታሰር ነው። ለቀጭን ፈረስ መምረጥ ቀላል ነው። ለኮብ ግን ጣጣ አለው። ጠጉሩ በውሃ ይረጥባል፣ ሜትሩ በጠጉሩ ስር ገብቶ ቆዳው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁጥር የሚነበበው። ይህን ያላደረገ ሰው ጠጉር ለካ እንጂ እግር አልለካም። በዚያ ሸለቆ ይህን የሚያውቅ ሁሉ ከተግዌን ነው የተማረው።

እሁድ ከጸሎት ቤት መልስ ሜይኒር ሜትር ይዛ መጣች። የማክሰንን እግር በብሩሽ አበጠረችው፣ ጠጉሩ ደርቆ እንደ ጥጥ ተነፋ፣ በዚያ ላይ ሜትሩን አዞረችው።

"ሃያ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር። ጉድ ነው፣ የዛፍ ግንድ እኮ ነው ያለህ የኔ ጌታ።"

ተግዌን ምርኩዟን ተደግፋ ከአጠገቧ ቆማ ነበር። ከሃያ ዘጠኙ አምስቱ ጠጉርና አየር መሆኑን አይታለች። "አርጥቢው" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልክ በዚያች ቅጽበት ማክሰን አንገቱን ዝቅ አድርጎ አገጩን በተንበረከከችው በሜይኒር ትከሻ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ከደነ። ተግዌን ቃሉን ዋጠችው።

"ልክ ነው አይደል?" አለች ሜይኒር ቀና ብላ።

ተግዌን ባልዲውን አንስታ ሄደች።

ሰኞ አብረው ወደ ግሌኒስ የኮርቻ ሱቅ ወረዱ። ግሌኒስ የተጻፈውን ቁጥር መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው።

"ሃያ ዘጠኝ አልበዛም እንዴ? ማነው የለካው?"

"እኔ ነኝ። ተግዌን እላዬ ላይ ቆማ ነበር ግን" አለች ሜይኒር።

"የብላይናንቷ ተግዌን ቆማ ካየችው እኔ ማን ነኝና ልከራከር?" ግሌኒስ ስቃ ትልቁን ቁጥር ከመደርደሪያ አወረደች። "ስታስሪው አንዲት ጣት ብቻ ትግባ። ሁለት ጣት ከገባ ሰፊ ነው፣ መልሺልኝ።"

ተግዌን ከበሩ አጠገብ አንድ ጥንድ ጓንት ስታገላብጥ ነበር። ጓንት አያስፈልጋትም። ነገ እነግራታለሁ አለች በልቧ፤ አሰሳው ቅዳሜ ነው፣ ጊዜ አለ። ማክሰኞም ነገ አለች። ረቡዕ ለመንገር ተነስታ ስልኩን አንስታ ነበር፤ ሜይኒር ከወዲያ በኩል "ማክሰን ዛሬ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ" ስትል ስለ ዝናቡ አውርታ ዘጋችው። ዓርብ የታች ቤቱ ኤምሪስ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ።

"ፈረሱ ከእህትሽ ጋር ወጣት ሆነ እኮ፤ እንዲህ ሲረግጥ አይቼው አላውቅም።"

"ዓይንህን ታከም" አለችው ተግዌን። ለእህቷ የመናገሩ ነገር በዚያው አበቃ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜይኒር መከላከያዎቹን አሰረች። በተነፋው ደረቅ ጠጉር ላይ ልክክ ብለው ተቀመጡ። ጣቷን አስገባች፤ አንድ ጣት ብቻ ነው የገባው። ተግዌን ግን ከብላይናንት ወደ ተራራው የሚያስኬደው መንገድ ወንዝ እንደሚሻገር ታውቃለች፤ ጠጉር ውሃ ሲነካው እንደሚሟሽሽ ታውቃለች።

"ሜይኒር" አለች።

"አቤት?"

ማክሰን እግሩን አነሳ አድርጎ መሬቱን ኮተኮተ፣ ለመሄድ ቸኩሏል። ከተግዌን ጋር የነበረ ጊዜም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

"ልጓሙን እንዳታጠብቂበት።"

"እሺ እህቴ" አለች ሜይኒርና ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ተግዌን በተራራው ግርጌ ባለው በር ላይ ለፈረሰኞቹ ሻይና ዘቢብ ዳቦ ስታሰናዳ ዋለች። ዳቦውን ሁለቴ ቆረጠችው፣ አንዱን ወገን ለውሻ በሚሆን መጠን አደቀቀችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጎቹ ነጭ ሆነው በገደሉ ወገብ መውረድ ጀመሩ። መጀመሪያ የደረሰው ኤምሪስ ነው።

"እህትሽ በእግሯ ነው የምትመጣው" አላት፣ ቆቡን አውልቆ። "ፈረሱ በሸርተቴው ላይ በጉልበቱ ወደቀ።"

ተግዌን ምርኩዟን ረስታ ሄደች። ሜይኒር ጭቃ በጭቃ ሆና ማክሰንን እየሳበች ስትመጣ አገኘቻት፤ መከላከያዎቹን በብብቷ ይዛለች። ከወንዙ በኋላ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወርደው፣ ዞረው፣ ውስጣቸው አሸዋ ሞልቶ እንደ ወፍጮ ሲፈጩት ውለዋል። የቀኝ እግሩ ቆዳ ተልጧል። ከኋላ ያለው ጅማት አብጦ ይፋጃል። ማክሰን እግሩን አንጠልጥሎ ቆመ፣ ማንንም አልጠራም።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አየው። በቀን አራቴ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፣ ከጋጣ አይውጣ፣ ዳግመኛ ተራራ ይወጣ እንደሆነ ከገና በኋላ እናያለን አለ። "አትጠብቁ" ለማለት የሚፈልግ ሰው እንደዚያ ነው የሚናገረው።

እሱ ሲሄድ ሁለቱ እህትማማቾች ግቢው ውስጥ ቀሩ። ሜይኒር የውሃውን ጎማ ይዛ እግሩ ላይ ታፈሳለች፤ እንባዋንም አልጠረገችውም።

"ከእንግዲህ አልነካውም" አለች። "ያንቺ ነው፣ ያንቺ ይሁን። እኔ ለፈረስ አልሆንም።"

ተግዌን በጋውን ሙሉ የተመኘችው ይህንኑ ነበር። አሁን መጣላት።

"የሚገርምሽ" አለች ሜይኒር ከእግሩ ዓይኗን ሳታነሳ፣ "ያን ቀን ስለካው ምንም አላልሽኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የሠራሁትን ሁሉ ታርሚኛለሽ፣ ያን ቀን ግን ቆመሽ አየሽኝና ዝም አልሽ። ማታ ለኢየስቲን ነገርኩት። ተግዌን ዝም አለችኝ አልኩት። ቢያንስ አንድ ነገር ሳልሳሳት ሠራሁ ብዬ እንዴት እንደተደሰትኩ ብታዪ።"

ተግዌን የጋጣውን በር ጨብጣ ቆመች።

"ሃያ አራት ነው" አለች።

"ምኑ?"

"ልኩ። ሃያ አራት ነው። ያን ቀንም አውቅ ነበር።"

ሜይኒር ቀስ ብላ ተነስታ ጎማውን እህቷን አስያዘቻት።

"እንኪ፣ አንቺ አፍስሺለት" አለች። "እኔ ብሳሳት የሚነግረኝ የለም።"