ብቻውን የቀረው ኮርማ

ኤልዳና ከኮርማ ፊት ለመሮጥ መወሰኗን ለወላጆቿ የነገረችው ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማቸው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የተወለደችው እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ድልድይ በሚነድፍ ድርጅት ኢንጂነር ናት፣ እዚያው ብቻዋን ተከራይታ ትኖራለች። ቢሮ ውስጥ ከአጠገቧ የምትቀመጥ ኢኔስ የምትባል ስፔናዊት ጓደኛ አለቻት። የኢኔስ ወላጆች የሚኖሩት በሰሜን ስፔን በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። በዚያች ከተማ በየዓመቱ ኦገስት ላይ ስድስት ኮርማዎች በጠባቡ ጎዳና ይለቀቃሉ፤ ሰዉ ከፊታቸው ይሮጣል። ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት በዓል ነው። ኤልዳና ባለፈው ዓመት ከኢኔስ ጋር ሄዳ ከእንጨት አጥር ጀርባ ሆና አይታለች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አላት።

እናቷ ውባንቺ ይህን ስትሰማ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች። የቧንቧው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ጉዞው አንዲት ቃል አልተናገረችም።

አባቷ ኦላና ግን እንደተቀመጠ ቀረ። ኦላና ኮርማ ያውቃል። ዛሬ በአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ደም የሚመረምር የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የከብት ማዳቀያ ጣቢያ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ስለዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ያወራል፤ የሚያሥቁትን ብቻ እየመረጠ። ያን ቀን ሌላውን አወራ።

«ንጉሡ የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበረኝ» አላት።

አንድ ጠዋት አንድ ኮርማ የበረቱን በር ገንጥሎ ወጣ። ንጉሡን በግንባሩ ገፍቶ ጣለውና አልፎት ሄደ። ምንም አልሆነም ነበር። አቧራውን አራግፎ ብድግ ሲል ኮርማው ዞሮ አየው፤ ተመልሶ ወጋው። ኦላና ከአጥሩ ማዶ፣ እጁን ቢዘረጋ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ላይ ቆሞ ነበር።

«ቢተኛ ኖሮ ትቶት ይሄድ ነበር። ተኛ ልለው ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ አልወጣልኝም።»

ኤልዳና ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ከአባቷ ጋር ስታወራ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ነበር የመለሰችለት። ልጅነት ይዟት እንዳልሆነ፣ ለፎቶና ለጉራ እንዳልሆነ፣ ደንቡን ደጋግማ እንዳነበበች ነገረችው። ለምን እንደምትሄድ ግን ለራሷም በደንብ ማስረዳት አልቻለችም። ያን ጊዜ ኮርማዎቹ ሲያልፉ በአጠገቧ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዝም ማለታቸውን፣ አንዲት አሮጊት ማልቀሳቸውን ብቻ አወራችለት። መጨረሻ ላይ በአማርኛ፣ «አባዬ፣ መሄዴ አይቀርም። የምታውቀውን አስተምረኝ» አለችው።

ኦላና ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን ከሥራ ቦታው ደወለላትና መንገዱ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቃት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ወራት ለሁለቱም አዲስ ነበሩ። ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ አሌክሳንድሪያ ወደ እሷ ቤት እየሄደ ያለፉትን ዓመታት ሩጫ ቪዲዮ አብረው ያያሉ። እሷ ሰዎቹን ስታይ እሱ ኮርማዎቹን ብቻ ያይ ነበር። በየመሃሉ እያስቆመ ጆሯቸውን ያሳያታል፤ አንድ ኮርማ የት እንደሚሄድ ከእግሩ በፊት ጆሮው ይናገራል ይላታል። ኮርማ የሚከተለው ቀለም ሳይሆን እንቅስቃሴ እንደሆነ አስረዳት። በመንጋ ሲሮጥ ሐሳቡ ከጓደኞቹ ጋር መሄድ ስለሆነ ሰውን ብዙ አይፈልግም፤ የሚያስፈራው ከመንጋው ተነጥሎ ብቻውን የቀረው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ታኮማ ፓርክ በሚገኝ አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይለማመዱ ነበር። መቶ ሜትር ትሮጣለች፤ ከዚያ በላይ መሮጥ አያስፈልግም ብሎ ወስኗል። ኮርማዎቹ ሲደርሱ ከግድግዳው ተጠግታ ታሳልፋቸዋለች። ዋናው ትምህርት ግን መውደቅ ነበር። ከኋላዋ «ተኛ!» ብሎ ሲጮህ በፊቷ ተደፍታ፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ እሱ ተነሺ እስኪላት ድረስ እንደ ግንድ ዝም ትላለች። አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ያቆያታል። ተኚ ማለት ሲገባው እንደ ወንድ «ተኛ» ነበር የሚላት፤ እሷም አላረመችውም።

አንድ ቅዳሜ ውሻዋን የምታንሸራሽር ሴት፣ አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ በተደፋች ወጣት ሴት ላይ ሲጮህ አይታ ፖሊስ ጠራች። ወጣቱ ፖሊስ ከመኪናው ወርዶ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። ኤልዳና ፊቷን ሳታነሳ፣ ደህና ነኝ፣ መነሳት ስለማይፈቀድልኝ ነው አለችው። ኦላና ነገሩን ሊያስረዳ ሲሞክር እንግሊዝኛው ተምታታበት። በመጨረሻ ፖሊሱ ደብተሩን አጥፎ እሱም ስፔን ሄዶ ሊያይ እንደሚፈልግ ነግሯቸው ሄደ።

ኦላና ከእሷ ጋር ስፔን ለመሄድ ከሥራው ፈቃድ መጠየቁን ኤልዳና ያወቀችው ቲኬቱን ሲያሳያት ነው።

ከኢኔስ ጋር ከተማዋ የደረሱት ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ነበር። የኢኔስ ወላጆች ቤት ኮርማዎቹ በሚያልፉበት ጎዳና ላይ ስለሆነ ለኦላና የሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ተሰጠው። መንገዱን አብረው እየሄዱ አዩት። በድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ስፋቱ አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚሞላው ያህል። በግራና በቀኝ የሱቆቹ በሮች በወፍራም ሳንቃ ተዘግተዋል። መሃል ላይ ድንገት የሚታጠፍ ኩርባ አለ። ኦላና እዚያ ቆሞ ድንጋዩን በጫማው ፈተገውና እዚህ ያንሸራትታል፣ ከኩርባው አርባ እርምጃ እልፍ ብለሽ ጀምሪ አላት።

በበዓሉ ቀን ጠዋት ገና ፀሐይዋ ከጣራዎቹ በላይ ሳትወጣ ኤልዳና ነጭ ለብሳ፣ የጫማዋን ክር ሁለቴ ቋጥራ ወረደች። ፖሊሶች በመንገዱ እየዞሩ መጠጥ መጠጥ የሚሸተውንና ስልክ የያዘውን እያወጡ ነበር። ሯጮቹ ተሰብስበው ለከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ሲዘምሩ እሷ አጎንብሳ የራሷን ጸሎት ጸለየች። ኦላና ከላይ አያት። ቀና ብላ አላየችውም፤ እንዳታየው እሱ ራሱ ነበር ያዘዛት።

ርችቱ ተተኮሰ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ኦላና በረንዳው ላይ የብረቱን ድጋፍ ይዞ ቆሞ ሳለ ጆሮው ከመስማቱ በፊት ብረቱ በእጁ ውስጥ መንዘር ጀመረ። ከዚያ የቃጭል ድምፅ መጣ፤ መንገድ እንዲመሩ አብረው የሚለቀቁት የተኮላሹ ሰንጋዎች ቃጭል ነው። ከዚያ ኩርባውን ዞረው ታዩ።

ኦላና በሕይወቱ ብዙ ኮርማ አይቷል። የነካቸው፣ የመዘናቸው፣ በስም የሚጠራቸው ኮርማዎች ነበሩ። ሁሉም ግን ወይ አፍንጫቸው ላይ ቀለበት ነበራቸው፣ ወይ ከብረት ማዶ ነበሩ። ኮርማ እንዲህ በራሱ ፈቃድ፣ ባለው ጉልበት ሁሉ፣ ከእኩዮቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሲሮጥ አይቶ አያውቅም። አንገታቸው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ቆዳቸው በጠዋቱ ብርሃን ያበራል። ከፊታቸው የሚሮጡት ሰዎች ነፋስ የሚነዳቸው ወረቀቶች መሰሉት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አብሯቸው ሲውል አንድም ቀን አይቷቸው የማያውቅ ያህል ተሰማው።

ኤልዳናን በነጭ ልብስ መሃል ፈልጎ አገኛት። በልኩ ነበር የምትሮጠው፤ በየሁለት እርምጃው በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ታያለች። ወደ ግድግዳው መጠጋት ጀምራ ነበር። ልክ ከበረንዳው ሥር ስትደርስ አንድ ጎልማሳ ሰው ከፊቷ ተደናቅፎ ወደቀ፤ በላዩ ወደቀችበት። ሁለቱም ድንጋዩ ላይ ተዘረጉ።

መንጋው ደረሰባቸው። ኦላና ዓይኑን ሊጨፍን ፈልጎ አልቻለም። ከፊት የነበረው ሰንጋ ዘለላቸው። አንድ ኮርማ ዘለላቸው። የቀሩት ውሃ ድንጋይ ዙሪያ እንደሚከፈል ለሁለት ተከፍለው አለፉ። ቃጭሉ እየራቀ ሄደ።

አለፈ ብሎ ሲተነፍስ ከኩርባው በኩል የሰዎች ጩኸት ሰማ። አምስት ነበሩ ያለፉት። ስድስተኛው፣ ቀይ ዳማ ኮርማ፣ ኩርባው ላይ ተንሸራቶ ወድቆ ኖሯል። ተነስቶ ብቻውን መጣ። አልሮጠም። ጓደኞቹን ያጣ፣ የት እንዳለ የማያውቅ አረማመድ ነበር። ጭንቅላቱን ወዲህ ወዲያ እያደረገ መጣ።

ከሥር የነበረው ሰውዬ መንጋው ማለፉን እንጂ ይህን አላየም። በእጆቹ ተደግፎ ለመነሳት ወገቡን ቀና አደረገ።

ኦላና ሊጮህ አፉን ከፈተ። ነገር ግን ኤልዳና ድምፁን ሰምታ ቀና ብትልስ ብሎ ፈራ፤ አፉን መልሶ ገጠመ። በዚያች ቅጽበት እጇ ሲንቀሳቀስ አየ። ከጭንቅላቷ ላይ አንስታ የሰውዬውን ማጅራት ያዘችና መሬቱ ላይ መልሳ አስተኛችው። ከዚያ ፊቷን ትከሻው ላይ ደፍታ ዝም አለች። ሰውዬውም ዝም አለ።

ኮርማው ደርሶ በላያቸው ቆመ።

መንገዱ በሙሉ ጸጥ አለ። በየበረንዳው የነበረው ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ኦላና የኮርማውን ጆሮዎች ያይ ነበር፤ ወደ ታች፣ ወደ ልጁ ዞረዋል። ኮርማው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ፀጉሯን አሸተተ። ቀንዱ ከጀርባዋ የአንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ ነበር። ኦላና ያን ጊዜ የተሰማውን ፍርሃት ነው ሊል አይችልም። ፍርሃቱን አልፎ ወደ ሌላ ቦታ የደረሰ መሰለው። ያ ሁሉ ጉልበት በአንዲት ልጅ ላይ አጎንብሶ ቆሟል፤ ሊያጠፋትም ሊተዋትም ይችላል፤ እሷም ይህን አውቃ ዝም ብላለች።

ከኋላ ቃጭል ተሰማ። ወደ ኋላ የቀረውን እንዲሰበስቡ ዘግይተው የሚለቀቁ ሦስት ሰንጋዎች ናቸው። የኮርማው ጆሮዎች ዞሩ። ራሱን አነሳ። ሰንጋዎቹ ረጅም በትር ከያዘ እረኛቸው ጋር እየሮጡ ሲደርሱ መሃላቸው ገብቶ እንደ ማንኛውም ከብት አብሯቸው ሄደ።

ኦላና ደረጃውን ወርዶ የውጭውን በር ያዘ፤ አልከፈተውም። ኮርማዎቹ በሙሉ በረት መግባታቸውን የሚያበስረው የመጨረሻው ርችት እስኪተኮስ መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው። እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ ቆመ። ርችቱ ሲተኮስ ወጣ።

ኤልዳና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ጉልበቶቿ ተልጠዋል፣ የግራ እጇ አንጓ አብጧል፤ ሌላ ምንም አልሆነችም። ሰውዬው አጠገቧ ተንበርክኮ እጇን ይዞ ያወራ ነበር። ኢኔስ ተረጎመችላቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሮጧል፤ ለአዲስ ሯጭ ሁሉ፣ ከወደቅክ አትነሳ የሚለው እሱ ነው። ዛሬ ራሱ ሊነሳ ነበር።

ኤልዳና አባቷን ቀና ብላ አየችው።

«አየኸው?»

«አየሁት» አላት። አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

በዚያች ከተማ ኮርማዎቹ አይገደሉም፤ ከሩጫቸው በኋላ ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ። ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ሲወሰዱ ኦላናና ኤልዳና ሄደው አዩአቸው። ዳማው ከአምስቱ ጋር ተቀላቅሎ ቆሞ ነበር። በማግስቱ በሌሎች ኮርማዎች ሌላ ሩጫ ነበር፤ ኤልዳና አልሮጠችም። አባቷ ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ኦላና ከመቀመጫው ተነሳ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ጉባኤ ሲቀመጥ ማይክ ይዞ አያውቅም። ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። የንጉሡንም ስም ጠራ። ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ ለምን ልጅህን እንዲህ ያለ ቦታ ወሰድካት ሲሉ ከተቀመጡበት ጠየቁት። ኦላና ጥቂት አሰበና እሷ ናት እኔን የወሰደችኝ አላቸው።

ውባንቺ ከተመለሱ ጀምሮ ስለ ጉዞው ምንም ጠይቃ አታውቅም። ያን ቀን ቤት ሲገቡ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ልጇን አጠገቧ ጠራቻት። የቀሚሷን ጫፍ ከፍ አድርጋ የተላጠውን ጉልበቷን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ሲያሸትሽ» አለቻት፣ «ትንፋሹ ይሞቃል?»

«በጣም ይሞቃል፣ እማዬ።»

ውባንቺ ጫማዋን አወለቀች። ከመጀመሪያው ጀምሪ አለቻት፤ ኤልዳናም በአማርኛ ጀመረችላት፤ ያጣችውን ቃል ኦላና ከወዲያ እያቀበላት።