ሠላሳ ምን?

እናትየው የግቢውን ጉድጓድ ውሃ ከመጀመሪያው ጠርጥራዋለች። ለነገሩ እሷ የማትጠረጥረው ነገር የለም፤ ልጇ፣ "የእማዬ ሬዲዮ መጥፎ ዜና ብቻ ነው የሚያወራው" እያለ ሚስቱን ያስቅ ነበር።

ልጅየው የውሃ ጥራት መለኪያ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ገጣጣሚ ነው። የሚስቱ ጡት አልበቃ ብሎ ለሕፃን ልጃቸው የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ መበጥበጥ ሲጀመር፣ ከሥራ ቦታው አንድ ሴንሰር ይዞ መጣ። ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ጫፉ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ውሃው ውስጥ በሟሟው ናይትሬት ልክ ቀለሙን ይቀይራል፤ ትንሿ መብራት ቀለሙን ታነባለች፤ ቁጥሩ ስልክ ላይ ይወጣል። ናይትሬት ከፍግና ከማዳበሪያ ወደ ጉድጓድ የሚሰርግ፣ ሲበዛ የሕፃን ደም የሚመርዝ ጨው ነው።

"ሠላሳ" አለ። "የሚፈቀደው እስከ ሃምሳ ነው። አሁን በቃሽ?"

"እኔ እንጃ፣ ሆዴ አልወደደውም።"

"እንግዲያው ሆድሽን መሥሪያ ቤት ልውሰደውና ይፈተሽ።"

ምራቷ በሳቅ ፈረሰች። እናትየው ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃውን ግማሽ እስኪቀር ድረስ ታፈላው ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የሕፃኗ ከንፈር አመድ መሰለ፤ ጥፍሮቿም ጠቆሩ። ይዘዋት ክሊኒክ ሮጡ። የተቀዳው ደሟ ቡኒ ነበር።

"ወተቷን በምን ውሃ ነው የምትበጠብጡት?" አለች ሐኪሟ።

"በተለካ ውሃ ነው" አለ ልጅየው ስልኩን እያሳየ። "ናይትሬቱ ሠላሳ ነው።"

"ሠላሳ ምን? ከቁጥሩ ሥር እኮ ናይትሮጅን ነው የሚለው።"

የልጅየው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ እያባዛ ነበር። መለኪያው በናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ሲቆጥር ቁጥሩ በአራት ተኩል ገደማ መባዛት እንዳለበት ለአዲስ ገቢዎች የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው።

"ከመቶ ሠላሳ በላይ" አለ ድምፁ ሰልሎ።

"እኔ ግን አፈላው ነበር" አለች እናትየው። "ግማሽ እስኪቀር።"

"ማፍላት የሚገድለው ጀርም ነው፣ እናቴ" አለቻት ሐኪሟ። "ይሄኛው አይተንም። ውሃው ግማሽ ሲቀር እሱ እጥፍ ይሆናል።"

ማርከሻ መድኃኒት በመርፌ በሕፃኗ ክንድ ገባ። እናትየው በልቧ ቀብር ደርሳ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ የሕፃኗ ከንፈር ቀስ እያለ ቀላ፣ ምራቷም ተቀብላ አቀፈቻት። ልጅየው እጁን ሲዘረጋ ጀርባዋን ሰጠችው።

"እሱን ብቻ አትቀየሚው" አለች እናትየው። "ያባስኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ፣ እማማ። እርስዎም ትንሽ ራቅ ይበሉልኝ።"

እናትየው እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ ሄደች። ሕፃኗ መተንፈሷን ከዚያ ሆና ለማየት ተንጠራራች፤ የምራቷ ትከሻ ግን ከለለባት።