ብቻውን ቤት የሚገባው ጫማ

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሰፈሩ «ማኪያቶ» ይለኛል፤ ነፍሱን ይማረውና አባቴ የዚሁ አገር ሰው፣ እናቴ ባሕር ተሻግራ የመጣች ናትና መልኬ ከሁለቱም ተቀድቷል። ስለ እናቴ አገር ሲጠይቁኝ አንዴ ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል፣ አንዴ ዶሮው ቀንድ አለው እላለሁ። አገሩን ረግጬው አላውቅም፤ ቋንቋውንም እንቢ ብዬ ነው ያልተማርኩት። እናቴ አፏን ስትከፍት ሰው ዘወር ብሎ ያያል፤ ያኔ እኔም አብሬ እታያለሁ።

የአናጺውን ልጅ ለትዳር ልጠይቅ ከእናቴ ጋር ስንሄድ ታዲያ መላ ዘየድኩ።

«እማዬ፣ የኛን ቋንቋ አትችልም ብያቸዋለሁ። አንቺ በራስሽ ቋንቋ ተናገሪ፣ እኔ አስተረጉማለሁ።»

«በየትኛው ጆሮህ?» አለችኝ። ዕድሜዋን እዚሁ ልብስ ስትሰፋ ኖራ ተረቱን ከኔ በላይ ታውቃለች። ግን ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ።

አናጺው መላጊያውን አስቀምጦ፣ ሰጋቱራውን ከጢሙ እያራገፈ ተቀበለን።

«የእናትህ አባት ምን ነበሩ?»

እናቴ በቋንቋዋ ሁለት ቃል ጣል አደረገች። እኔ ቀበል አድርጌ፣ «የመርከብ አዛዥ። ዓሣ ነባሪ እንኳ ሲያያቸው ቆሞ ያሳልፋቸዋል!» አልኩ።

አናጺው ወደ ሚስቱ ዞረ። «እናቲቱ ጨዋ ትመስላለች። ልጁ ግን ውሸታም ነው። ልጄን ለውሸታም አልሰጥም።»



«ውሸታም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት ጋሼ፣» አለች እናቴ በኛው ቋንቋ፣ «ይሄ እኮ መዋሸትም አያውቅበትም!»

የአናጺው ሚስት የያዘችውን ብርጭቆ ልትለቀው ምንም አልቀራት።

«አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር። እሱ የሰፋው ጫማ፣ ባለቤቱ መጠጥ ቤት ካመሸ ጥሎት ብቻውን ቤት ይገባል፣» አለች እናቴ።

«ባለቤቱስ?» አለ አናጺው ሳያስበው።

«በካልሲው ይከተላል! የሰፈሩ ሚስቶች በሙሉ የአባቴ ደንበኛ ነበሩ።»

አናጺው እስኪያስለው ሳቀ። ይቺ የማጋነን አመሌ ለካ ከእናቴ ነው የመጣችው! ከአፍንጫዬ በቀር ከእናቴ አገር የወረስኩት ያለ አይመስለኝም ነበር።

«ሌላም አለ፣» ብላ በራሷ ቋንቋ አንድ ወግ ለቀቀችና ብቻዋን ትስቅ ጀመር።

«ምን አለች?» አለኝ አናጺው።

ምላሴ ላይ ሦስት ውሸት ተሰለፈ። ሳቋን ሳይ ግን ቀናሁ። የአያቴ ወግ፣ የራሴ ንብረት፣ እኔ ግን ደጅ ቆሜያለሁ።

«አላውቅም፣» አልኩ።

«አሁን ገና እውነት ተናገርክ። ይህን ወግ በሁለቱም ቋንቋ ያወራህልኝ ቀን ልጄን እሰጥሃለሁ።»

«ቶሎ ተማራ!» አለች ልጅቷ ከበሩ ጀርባ።

እኔ ጎማ ስለጥፍ፣ እናቴ ክር ስታስገባ፣ እየሰደበችኝ ቋንቋዋን አስተማረችኝ። አንድ እሁድ ተመልሼ ደጃፉ ላይ አናጺው ፊት ቆምኩ። በሷ ቋንቋ ጨርሼ በኛ ደገምኩት፦ አያቴ ግራውን ከበሬ፣ ቀኙን ከፍየል ቆዳ አንድ ጫማ ሰፋ። ግራው ይጎተታል፣ ቀኙ ይዘላል። ያደረገው ሰው ሲራመድ የሚጨፍር ይመስላል፤ በየሰርጉ ሳይጠሩት እልል ተብሎለት ይገባል።

«ያ ጫማ አሁን የት አለ?» አለ አናጺው።

«አድርጌው ነው የመጣሁት!» አልኩና ግባ ሳልባል ገባሁ።